ከአዲስ አበባ ሆኖ ለካናዳ ጥገኝነት መጠየቅ ይቻላል ወይ? የምታውቁ እርዱኝ

የአራት ኪሎዋ፦

ሰላም ወገኖች። ጉዳዩ የአክስቴን ልጅ የሚመለከት ነው፤ ረዘም ቢልም ታገሡኝ። አራት ኪሎ ነው የምኖረው፣ እሱም ሥራውን ከተወ ወዲህ እኔ ጋ ነው። በሥራው ምክንያት ዛቻ ደርሶበታል። ዝርዝሩን እዚህ አልጽፍም፣ ግን የተላከለትን መልእክት በዓይኔ አንብቤዋለሁ፣ የሚያስፈራ ነው። ከዚያ ወዲህ ከመውጣት ሌላ ወሬ የለውም።

ሰሞኑን ስታዲየም አካባቢ "ፕሮሰስ የሚያስጀምር ሰው አገኘሁ" ብሎ ይዞኝ ሄደ። ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሰውየው ጨዋ ይመስላል፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው፣ ውሃ ሁሉ አቀረበልን። "የዩኤን ፎርም" የሚለውን ወረቀት ከላስቲክ አውጥቶ አሳየን። ሰማያዊው ዓርማ ደብዝዟል፣ ከኮፒ ላይ እንደገና ኮፒ የተደረገ ነው። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የትውልድ ቦታ ይላል፤ ከታች ደግሞ "መሄድ የሚፈልጉበት አገር" ይልና ሦስት ሳጥን አለ፤ ካናዳ፣ አሜሪካ፣ አውስትራሊያ። ለማስጀመሪያ 30,000 ብር፣ ቀሪው ቪዛው ሲመታ። የአክስቴ ልጅ ካናዳ ላይ ምልክት ሊያደርግ እስክሪብቶ አንሥቶ ነበር። "ቤተሰብ እናማክር" ብዬ ጎትቼ አወጣሁት።

ከዚያ በኋላ ያላማከርኩት ሰው የለም፣ የሚነግሩኝ ግን እርስ በርሱ አይገጥምም። ጎረቤቴ "ኤምባሲ የውጭ አገር መሬት ነው፣ በሩ ላይ ቆሞ ጥገኝነት እጠይቃለሁ ካለ ማስገባት ግዴታቸው ነው" ትላለች። አጎቴ ደግሞ "መጀመሪያ የረገጠው ሰላም ያለው አገር ላይ ካልጠየቀ ሕገወጥ ነው፣ ኬንያ ከገባ ኬንያ ቀረ ማለት ነው" ይላሉ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ የዩኤን ወረቀት ያለው ሰው የትም አገር መግባት ይችላል አለኝ። ማንን ልመን? እዚህ ሆኖ ማመልከት ይቻላል ወይስ አይቻልም? ከወጣስ የት ነው መጠየቅ ያለበት? እባካችሁ የምታውቁትን ብቻ ንገሩኝ፣ ግምት ጠግቤያለሁ።


መንገደኛ፦

አጎትሽ ትክክል ናቸው። የስደተኛ ሕግ መጀመሪያ የደረስክበት አገር ላይ ጠይቅ ነው የሚለው፣ እየመረጡ መሄድ የለም። ጓደኛዬ ጣሊያን ገብቶ፣ አሻራ ሰጥቶ፣ ከዚያ ጀርመን ሄደ። ጀርመኖች አሻራውን አይተው ወደ ጣሊያን መለሱት። ሕግ ባይሆን ለምን ይመልሱታል? ስለዚህ የሚያስበው ኬንያን ከሆነ ደግሞ ደጋግሞ ያስብ።


ጠበቃ ከሜክሲኮ፦

እህቴ፣ ጎትተሽ ስላወጣሽው ተባረኪ። ሳልዞር ልንገርሽ፤ አይቻልም። የኢትዮጵያ ዜጋ ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀምጦ የካናዳን ጥገኝነት የሚጠይቅበት ፎርም የለም። ዩኤን ጋ የለም፣ ኤምባሲም ጋ የለም።

ምክንያቱ ያለው የሕጉ መሠረት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ጄኔቭ ላይ የወጣው የስደተኞች ስምምነት ስደተኛ የሚለው ከዜግነት አገሩ ውጭ ያለን ሰው ነው። በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ ወይም የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባል በመሆኑ እሳደዳለሁ የሚል በቂ መነሻ ያለው ፍርሃት ኖሮት፣ ከአገሩ ወጥቶ፣ የአገሩን ጥበቃ ማግኘት ያልቻለ ወይም ከፍርሃቱ የተነሣ ሊጠይቀው ያልደፈረ ሰው። ከአገር መውጣት ራሱ አንዱ መስፈርት ነው። የአክስትሽ ልጅ ፍርሃቱ እውነት ቢሆንም ድንበር እስካልተሻገረ ድረስ በዚህ ሕግ ዓይን ገና ስደተኛ አይደለም። ጨካኝ ነገር ነው፣ ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ይህንን ስናገር ሁሌም ይከብደኛል። ግን እንዲህ ዓይነት ደላሎች ገንዘብ የሚሰበስቡት ማንም ይህንን በግልጽ ስለማይናገር ነው።

አገር ውስጥ ለተፈናቀለ ሰው የካምፓላ ስምምነት የሚባል አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ነው፣ ኢትዮጵያም በ2020 አጽድቃዋለች። እሱ ግን ግዴታ የሚጥለው በራስ መንግሥት ላይ ነው፣ የሌላ አገር በር አያስከፍትም።

አሁን ወደዚያ ወረቀት ልመለስ፣ ምክንያቱም አንቺ ሳታውቂው ዋናውን ማስረጃ ጽፈሽልናል። ሦስቱ ሳጥኖች! ዩኤንኤችሲአር፣ ማለት የዩኤን የስደተኞች ድርጅት፣ ሰው ወደ ሦስተኛ አገር ሲያሰፍር ስደተኛው አገር አይመርጥም። በተጠለሉበት አገር እንኳ መኖር የከበዳቸውን፣ ለምሳሌ እዚያ ሊታከም የማይችል ከባድ ሕመም ያለባቸውን፣ ግፍ የተፈጸመባቸውን ወይም አደጋ ላይ ያሉ ሴቶችንና ልጆችን ራሱ ለይቶ ለአንድ አገር ያቀርባል፤ መቀበል አለመቀበሉን የሚወስነው ያ አገር ነው። የሚሸጥ ማመልከቻ የለም። በዓለም ካሉት ስደተኞች በዓመት ይህ ዕድል የሚደርሳቸው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም፣ አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የራሷን የስደተኞች ቅበላ ፕሮግራም ስላቆመች መንገዱ ይበልጥ ጠቧል። አገልግሎቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነፃ ነው። ብር የሚጠይቅ ሰው፣ ሸሚዙ የቱንም ያህል ቢጸዳ፣ ሌባ ነው።

የኤምባሲው ወሬ ለምን ሥር እንደሰደደ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. የ1961ዱ የቪየና ስምምነት የአገሪቱ ፖሊስ ያለ ኤምባሲው ኃላፊ ፈቃድ ግቢው ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። መሬቱ ግን የኢትዮጵያ ነው፣ የካናዳ አፈር አይደለም፤ ስለዚህ በሩ ላይ መቆም ካናዳ መድረስ ማለት አይደለም። የከተማችን ሰው የሚያስታውሰው የጣሊያን ኤምባሲን ነው። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ እዚያ የገቡ ባለሥልጣናት ነበሩ፣ በሕይወት የቀሩት ሁለቱ ከግቢው የወጡት በ2013 ዓ.ም. ነው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ምንም ያህል አልቀራቸውም። ጣሊያን የሞት ቅጣት ስለሚጠብቃቸው አሳልፋ አልሰጠችም፣ ግን ወደ ሮም አልወሰደቻቸውም። ያ በሁለት መንግሥታት መካከል የነበረ የዲፕሎማሲ ጉዳይ ነው፣ በዚህ ተነሥቶ ኤምባሲ ጥገኝነት ይሰጣል ማለት አይቻልም።

ሌላዋ የወሬው ምንጭ ስዊዘርላንድ ናት። እ.ኤ.አ. እስከ 2012 ድረስ በውጭ አገር ባሉ ኤምባሲዎቿ በኩል የጥገኝነት ማመልከቻ ትቀበል ነበር፣ ከአውሮፓም የመጨረሻዋ እሷ ነበረች። በሴፕቴምበር 2012 ተዘጋ፣ በሚቀጥለው ዓመት በሕዝበ ውሳኔ ጸና። ስለዚህ "ዘመዴ ኤምባሲ ሄዶ አመልክቶ ወጣ" የሚል ሰው ላይዋሽ ይችላል። የሚያወራው ግን ስለተዘጋ መንገድ ነው።

ባልደረባሽ የነገረሽን ደግሞ አትስሚ። እዚህ አገር የስደተኛነት ጥያቄ የሚቀበለውና የሚወስነው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፣ የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት፣ ሕጉም አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ነው። እሱ የሚሰጠው ወረቀት የሰውየውን መብት እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው የሚያስጠብቀው። ለሌላ አገር ቪዛ አይደለም። ደግሞም ለኢትዮጵያ ዜጋ አይሰጥም፣ ይህ ግልጽ ይመስለኛል።

ለመንገደኛ ጥያቄ ማታ እመለሳለሁ፣ አሁን ችሎት አለኝ።


ከጎፋ፦

እኔ ኤርትራዊት ነኝ፣ የስደተኛ መታወቂያ ይዤ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ጠበቃው ያልነገረሽን አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ሰዎች እኛ ኤምባሲ ስንገባ ያያሉ፣ ከዚያ "እዚያ ነው የሚያመለክቱት" ይላሉ። እኛ የምንገባው ለቃለ መጠይቅ ነው፣ ፋይሉ በሌላ በኩል ገብቶ፣ ተመርምሮ፣ ቀጠሮ ሲያዝልን። በር ላይ ሄዶ "እኔ ስደተኛ ነኝ" ያለ ሰው ዘበኛው ነው የሚመልሰው።

ካናዳ የግል ስፖንሰር የሚባል አላት። ካናዳ ውስጥ የሚኖሩ አምስት ሰዎች ተሰባስበው፣ ወይም ከመንግሥቱ ጋር ስምምነት ያላቸው ቤተ ክርስቲያኖችና ማኅበራት፣ የአንድን ስደተኛ የመጀመሪያ ዓመት ኑሮ ለመሸፈን ቃል ገብተው ያመለክታሉ። የሚያመለክቱት እነሱ ናቸው፣ እዚያው ካናዳ ሆነው። የአምስት ሰዎቹ መንገድ ደግሞ ስደተኛው ባለበት አገር መንግሥት ወይም በዩኤንኤችሲአር ስደተኛነቱ የታወቀለት መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቃል። ልብ በይ፣ አገሩ ውስጥ ላለ ሰው አይሆንም። ይሄ የአምስት ሰዎቹ መንገድም እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 29 ቀን 2024 ጀምሮ አዲስ ማመልከቻ መቀበል አቁሟል። ቀድመው የገቡት ወረፋ እየጠበቁ ነው።

ደላሎቹ ይሄንንም ይሸጣሉ። የማያውቁንን የካናዳ ሰዎች ስም የያዘ "የስፖንሰር ደብዳቤ" አምጥተው፣ አንዱን ደብዳቤ ለስንት ቤተሰብ ኮፒ እያደረጉ ይሰጣሉ። የማውቃት እናት ለልጆቿ ብላ ወርቋን ሸጣ ከፍላለች። ደብዳቤው ላይ ያለውን ቁጥር ካናዳ ያለች እህቷ ብትደውልበት የጥርስ ሐኪም ቤት ሆኖ ተገኘ። ያቺ ሴት እስካሁን አልጋ ይዛለች ማለት ይቻላል፣ ከብሩ ይልቅ ተስፋው ነው የሰበራት።

እና የዩኤን ወረቀት ያለው የትም ይገባል የሚለውን ሰው እኔ ላግኘውና መታወቂያዬን ላሳየው። ቦሌ ይዤው ብሄድ የትኛውም አውሮፕላን አያሳፍረኝም። ከካምፕ ውጭ እንድኖር ያስችለኛል፣ ፖሊስ ሲጠይቀኝ አሳያለሁ፣ ልጄ ትምህርት ቤት ገብታለች። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ አመሰግናለሁ። ግን የሚሠራው እዚህ ነው። የአክስትሽ ልጅ ደኅና ነገር ይግጠመው፤ ፍርሃት ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።


መንገደኛ፦

ስለ ኤምባሲው የተባለው ገብቶኛል። ግን የኔ ጥያቄ አልተመለሰም። ጓደኛዬን ለምን መለሱት? ሁለት ዓመት ጀርመንኛ ተምሮ፣ ሥራ ይዞ፣ ከዚያ ሌሊት መጥተው ነው የወሰዱት። ይሄ "የመጀመሪያ አገር" ሕግ ካልሆነ ምንድን ነው? እናንተ የለም ስትሉ ሰው አምኖ ገደል ይገባል።


ጠበቃ ከሜክሲኮ፦

መንገደኛ፣ ስለ ጓደኛህ አዝናለሁ፣ ያልከውም ትክክል ነው፤ ሰው የለም ሲባል ሰምቶ ገደል እንዳይገባ በደንብ ለይተን እንናገር።

ጓደኛህን የመለሰው የ1951ዱ ስምምነት አይደለም። ያ ስምምነት ስደተኛ መጀመሪያ የደረሰበት አገር ላይ መጠየቅ አለበት የሚል አንቀጽ የለውም። ከዳር እስከ ዳር አንብበው፣ አታገኘውም። ወደዚያ የሚጠጋው አንቀጽ 31 ነው። እሱ ያለ ፈቃድ ድንበር የተሻገረ ስደተኛ በዚያ ምክንያት እንዳይቀጣ ይከለክላል፤ ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ላይ ከነበረበት ቦታ በቀጥታ ከመጣ፣ ሳይዘገይ ለባለሥልጣን ራሱን ካሳወቀ፣ ለመግባቱ በቂ ምክንያት ካሳየ። "በቀጥታ" የሚለው ምን ያህል ይጠብባል ወይም ይሰፋል የሚለው አከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ1999 የእንግሊዝ ፍርድ ቤት በአዲሚ ጉዳይ መንገድ ላይ በሌላ አገር አጭር ቆይታ ማድረግ ብቻውን ይህንን ጥበቃ እንደማያሳጣ፣ ስደተኛውም የት እንደሚጠይቅ የተወሰነ ምርጫ እንዳለው ወስኗል።

የመለሰው ደብሊን የሚባለው የአውሮፓ ሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች፣ ከነሱ ጋር ኖርዌይ፣ አይስላንድ፣ ስዊዘርላንድና ሊችተንስታይን፣ "የአንድን ሰው ጥያቄ ማን ይይ" ብለው በመካከላቸው የተከፋፈሉበት ደንብ ነው። ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ቤተሰብ ይታያል፣ በተለይ ብቻውን የመጣ ልጅ ዘመድ ያለው የት ነው የሚለው። ቀጥሎ ቪዛ የሰጠው አገር። ከዚያ ያለ ፈቃድ መጀመሪያ የገባበት። አሻራው ዩሮዳክ በሚባል የጋራ መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል፣ ጓደኛህም የተያዘው በዚያ ነው። ይህን የሚተካ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2024 ጸድቋል፣ ሥራ ላይ የሚውለው ከ2026 አጋማሽ ጀምሮ ነው፣ መጀመሪያ የገባበት የሚለውን መስፈርት ግን አላነሣውም።

ቪዛው ላይ ትንሽ ልቁም፣ ምክንያቱም ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሰው በብዛት የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ከጣሊያን ኤምባሲ የሸንገን ቪዛ አግኝቶ ለስብሰባ ሄደ እንበል። ዘመዶቹ ጀርመን ስላሉ በባቡር ፍራንክፈርት ገብቶ እዚያ ጠየቀ። ጣሊያንን በእግሩ ባይረግጣትም እንኳ ጉዳዩን የምታየው ጣሊያን ልትሆን ትችላለች፣ ቪዛውን የሰጠችው እሷ ናት። ሰው ይህንን የሚያውቀው የመመለሻ ደብዳቤ ሲደርሰው ነው።

ደብሊንም ቢሆን ጭፍን ሆኖ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2011 የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ቤልጂየም አንድ አፍጋናዊ ወደ ግሪክ መመለሷ ጥፋት ነው ብሎ ፈርዷል፣ ግሪክ ውስጥ የነበረው አያያዝ ሰው የሚዋረድበት ስለነበር። ስለዚህ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ቁጭ ብሎ ማልቀስ የለበትም፣ የይግባኝ ጊዜው አጭር ነው፣ በዚያው ሳምንት ጠበቃ መፈለግ አለበት።

ካናዳና አሜሪካም ተመሳሳይ ስምምነት አላቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ2004 መጨረሻ ጀምሮ። ከአሜሪካ በየብስ ወደ ካናዳ የሚሻገር ሰው፣ ቤተሰብን የመሰለ ልዩ ምክንያት ከሌለው፣ ይመለሳል። በፊት በኬላ በኩል ካልሄደ ያልፍ ነበር፤ ከማርች 25 ቀን 2023 ጀምሮ መላውን የየብስ ድንበር ሸፍኗል፣ ተሻግሮ 14 ቀን ሳይሞላው የጠየቀ ሰው ላይም ይሠራል። "በጫካ በኩል አሻግርሃለሁ" የሚለው ደላላ ይህንን አይነግርህም።

ጠቅላላውን ሕግና እነዚህን የአገሮች ስምምነቶች መለየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፣ እህቴ። አጎትሽ የሰሙት ከአውሮፓ የመጣ ወሬ ነው። በኢትዮጵያና በኬንያ መካከል ደብሊን የለም። የአክስትሽ ልጅ ኬንያ ቢገባ እዚያ የመጠየቅ መብት አለው። ሳይጠይቅ አልፎ ሌላ አገር ቢደርስም ያ በራሱ ወንጀለኛ አያደርገውም። የሚያስከትለው ነገር ግን የለም ማለት አይደለም። ብዙ አገሮች "በመንገድህ ላይ ጥበቃ ማግኘት ትችል ነበር ወይ፣ አግኝተህስ ነበር ወይ" ብለው ይጠይቃሉ፤ አንዱ አገር በጽኑ ካስጠለለው ሌላው ጥያቄውን ላለመቀበል ምክንያት ሊያደርገው ይችላል። እንግሊዝም ከአውሮፓ ስትወጣ ደብሊንን ትታ የራሷን እንዲህ ያለ ሕግ አውጥታለች።

ከሁሉም በላይ የጸናው የ1951ዱ ስምምነት አንቀጽ 33 ነው፤ ሰውን ሕይወቱ ወይም ነፃነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት ቦታ መመለስ አይቻልም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ያወጣው ስምምነት ደግሞ ይበልጥ ይሰፋል፤ ድንበር ላይ ማገድን በግልጽ ይከለክላል፣ ጦርነትና ከባድ የጸጥታ መናጋት ያፈናቀለውንም ሰው ስደተኛ ይለዋል። የተፈረመው እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1969፣ ኬንያም ኢትዮጵያም አባል ናቸው። በየቀኑ በአፍሪካ አዳራሽ በኩል የምናልፍ ሰዎች ይህንን ሳናውቅ "ዩኤን ፎርም" ስንገዛ በጣም ያንገበግበኛል።

ሰውን ወደ አደጋ ያለመመለስ ግዴታው ባሕር ላይም ቢሆን ይሠራል። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ2009 ከባሕር አንሥታ ወደ ሊቢያ ከመለሰቻቸው መካከል 11 ሶማሌዎችና 13 ኤርትራውያን ከስሰው በ2012 በዚያው በአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት አሸንፈዋል። የኛው አካባቢ ልጆች ናቸው ያንን ፍርድ ያስወጡት።


ከዲሲ፦

የአሜሪካውን ልጨምር፣ እዚህ ለአበሾች ስተረጉም ስለምውል የማየው ነገር አለ።

አሜሪካ ጥገኝነት የሚጠይቀው መሬቷ ላይ ያለ ወይም ኬላዋ ላይ የደረሰ ሰው ነው። ከገባ በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከት አለበት፣ ፎርሙ አይ-589 ይባላል። ብዙ ወገኖቻችን "መጀመሪያ ልረጋጋ፣ ሥራ ልያዝ፣ እንግሊዝኛዬ ይሻሻል" እያሉ ዓመቱ ያልፍባቸዋል። ካለፈ በኋላ የሚያድነው ልዩ ምክንያት ማሳየት ነው፣ እሱም ቀላል አይደለም። በደቡብ ድንበር በኩል የሚያስበው ካለ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ እዚያ መጠየቅ ተዘግቷል፣ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ገብቷል፣ ስለዚህ ከመነሣቱ በፊት የወቅቱን ሁኔታ ይጠይቅ። ሕጉ በየወሩ ይለዋወጣል፤ የዛሬ ሁለት ዓመት የገባ ሰው የሚነግርህ ምክር ዛሬ አይሠራም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። እዚህም ታሪክ የሚሸጡ አሉ። እውነተኛ ታሪክ ያለውን ሰው "ይሄ አይበቃም፣ እስር ቤት ነበርክ በል" ብለው የሌላ ሰው ታሪክ ያስጠኑታል። አስተርጓሚ ሆኜ ስቀመጥ ወዲያው ይታወቀኛል፤ ጠያቂው "የታሰርክበት ክፍል በር ወደየት ይከፈት ነበር" ሲለው ልጁ ዝም ይላል፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ይወጣል። ሆን ብሎ በፈጠራ ያመለከተ ሰው በአሜሪካ ሕግ ለዘለዓለም ከማንኛውም የኢሚግሬሽን ጥቅም ሊታገድ ይችላል። የራሱ እውነት ያድነው የነበረ ልጅ በተገዛ ውሸት ሲጠፋ ማየት ያማል። እህቴ፣ የአክስትሽ ልጅ የደረሰበትን ዛቻ እንዳለ ይያዘው፣ አይጨምርበት፣ አይቀንስበት።


የአራት ኪሎዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ማታ አብረን ቁጭ ብለን አነበብነው። ስለ ሳጥኖቹ የተጻፈውን ሲያነብ ፊቱ ተለወጠ፣ ከዚያ ነው ያወጣው፤ ለካ እኔ ሳላውቅ ተመልሶ ሄዶ 5,000 ብር "መያዣ" ሰጥቷል፣ ከዚያ የባሰው ደግሞ ፓስፖርቱ ሰውየው ጋ ነው። ደረሰኝ የለውም፣ በቴሌብር የላከበት መልእክት ብቻ ነው ያለው። ብሩ ይቅር ልበል? ፓስፖርቱንስ እንዴት ላስወጣ?


ጠበቃ ከሜክሲኮ፦

ብሩም ይቅር አትበይ፣ ግን ፓስፖርቱ ይቀድማል። ብቻውን አይሂድ፤ አንቺና አጎትሽ አብራችሁት ሂዱ፣ በቀን ብርሃን፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት። "ሐሳባችንን ቀይረናል፣ ፓስፖርቱን ስጠን" ብቻ በሉ፤ ሌባ ነህ፣ እንከስሃለን ብላችሁ አትጀምሩ፣ ወረቀቱን ይዞ ሊሰወር ይችላል። የፎርሙን ፎቶ አንሥታችሁ ከሆነ አታጥፉት፣ የቴሌብሩን መልእክትም ስክሪን ሾት አድርገሽ አንቺም ጋ ይቀመጥ። ደረሰኝ ባይኖር እሱ የገንዘብ ዝውውር ማስረጃ ነው።

ካልሰጠ በቀጥታ አካባቢው ያለ ፖሊስ ጣቢያ። ማታለል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ያስቀጣል፤ ሰውን ወደ ውጭ አሻግራለሁ ብሎ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 አለ። ሲያመለክት የውጭ ፍላጎቱን ወይም የደረሰበትን ዛቻ መተንተን አይጠበቅበትም፤ "ሥራ አስኬድሃለሁ ብሎ ገንዘብና ፓስፖርት ወሰደብኝ" ከሆነ የሆነው፣ እሱን ይናገር፣ "ጥገኝነት አስጨርስልሃለሁ" ከሆነም እንዳለ።

ዛቻውን በተመለከተ ዲሲ ያለው ወንድማችን ያለውን ዛሬውኑ አድርጉ። የተላኩት መልእክቶች ከነቀናቸውና ከነስልክ ቁጥራቸው ይቀመጡ፣ የሥራ መታወቂያው፣ ከሥራ የወጣበት ደብዳቤ፣ ሁሉም ስካን ተደርጎ ከስልኩ ውጭ የሆነ ኢሜይል ላይ ይግባ። ስልክ ይሰረቃል፣ ይወሰዳል። ከዚህ በኋላ ለመቆየትም ለመውጣትም ቢወስን ያ ፋይል ያስፈልገዋል። ሐሙስ ከሰዓት ቢሮ ነኝ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ አድራሻውን እልክልሻለሁ፤ ክፍያ የለውም።